የድብልቅ እንጀራ ምጥን ፍለጋ፦ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፦ ሥራው

የአክስቴ መጋገሪያ ልደታ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ብዙም አይርቅም። እንጀራ የምታስረክበው በአካባቢውና ወደ ሜክሲኮ በኩል ላሉ ምሳ ቤቶች ነው። ጤፍ በኪሎ ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ በንጹህ ጤፍ ብቻ መቀጠል ከበዳት። ሰባት እጅ ጤፍ፣ ሦስት እጅ ማሽላ ቀላቅላ «ድብልቅ ነው» ብላ በግልጽ መሸጥ ጀመረች። ደንበኞቿ ዋጋውን ወደዱት። ችግሩ በማግስቱ ይመጣል። ማሽላ ያለበት እንጀራ ከጤፍ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል። ያደረው ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

የምትሠራበት ምጥን ለንጹህ ጤፍ የተለካ ነው። ለድብልቁ ሌላ መፈለግ አለበት። የሚስተካከሉት ነገሮች አምስት ናቸው፦ ውሃ፣ እርሾ፣ ሊጡ የሚቆይበት ሰዓት፣ ለአብሲት የሚወሰደው የሊጥ ድርሻ እና የምጣዱ ሙቀት።

እያንዳንዱን በአምስት ደረጃ እንሞክር ብንል 3,125 ምጥን ይሆናል። አንድ ሊጥ ደግሞ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በአንድ ባልዲ ተራ በተራ ብንሄድ ከ25 ዓመት በላይ ይፈጃል። አንዱን ብቻ እየቀየሩ ሌላውን እንዳለ መተውም አላሳመነኝም። አብሲቱ ሲጨምር ትክክለኛው ሰዓት ራሱ ሊቀየር ይችላላ።

የኔ ሙያ ፕሮግራሚንግ ነው። እንዲህ ላለው ነገር በሂሳቡ ዓለም የተዘጋጀ መንገድ አለ። ቀመሩ የማይታወቅ፣ አንዱን ነጥብ ለማወቅ ብዙ የሚያስከፍል ፈንክሽን ከፍተኛውን ቦታ በጥቂት ሙከራ መፈለግ ማለት ነው። አክስቴን አስፈቀድኳት። «የቀኑን ሥራ እስካልነካህ ድረስ ባልዲዎቹ ያንተ ናቸው» አለችኝ።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ መለኪያ

አልጎሪዝም ከመምረጥ በፊት መለኪያው መቆም አለበት። «ጥሩ እንጀራ» የሚል ቁጥር የለም። ቁጥር ከሌለ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ነገር የለውም።

ከመርካቶ የገዛሁት፦ ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን፣ ከርቀት ሙቀት የሚያነብ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር፣ ክዳን ያላቸው እኩል ባልዲዎች። ጤፉንና ማሽላውን ከእህል በረንዳ ባንድ ጊዜ ገዝተን ባንድ ወፍጮ ቤት አስፈጨን። ዱቄቱ በየጊዜው ከተለዋወጠ የምንለካው ምጥኑን ይሁን ዱቄቱን አናውቅም። የምጣዱ ሬዚስታንስ ባንድ ጎኑ ደክሞ ስለነበር በሠፈሩ ባለሙያ አስቀየርነው። የሸክላ ምጣድ ለኢንፍራሬድ ይመቻል፤ እንደሚያብረቀርቅ ብረት አያሳስትም። ግን መሃሉና ዳሩ እኩል ስለማይግል ከአምስት ቦታ እያነበብኩ አማካዩን እመዘግባለሁ።

ነጥቡ ከመቶ ነው። ሃምሳው ለማግስት ልስላሴ ነው። ያደረውን እንጀራ ጠርሙስ ላይ ጠቅልዬ የስንጥቁን ርዝመት በማስመሪያ እለካለሁ። ሠላሳው ለዓይኑ ነው። በስልክ ካሜራ ከላይ ፎቶ አነሳና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኳት አጭር ፕሮግራም ዓይኖቹን ትቆጥራለች። ሃያው ለጣዕም ነው። ጋጋሪዎቹ የቱ የማን ምጥን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ፊደል በተጻፈበት ሰሃን እየቀመሱ ይሰጣሉ። ልስላሴው ግማሹን የያዘው አክስቴ ስላለች ነው። ቅሬታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ አንድ ምጥን ደጋግሜ አስጋገርኩ። ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ማወቅ የፈለግኩት ነው። ባንድ ቀን ጎን ለጎን የተቦኩ ሁለት ባልዲዎች በአንድ ሁለት ነጥብ ነው የሚለያዩት። በተለያየ ቀን የተቦኩት ግን እስከ ስድስት ነጥብ ይራራቃሉ። ምክንያቱ ሌሊቱ ነው። የጥቅምት ብርድ ሊጡን ያዘገየዋል። ባልዲው አጠገብ ቴርሞሜትር ሰቀልኩና የክፍሉን ሙቀት የምጥኑን ነጥብ በሚገምተው የሂሳብ ሞዴል ውስጥ ስድስተኛ ግብዓት አደረግኩት። የምንመርጠው ነገር አይደለም፤ ግን ሞዴሉ ካላወቀው የብርዱን ጥፋት በእርሾው ላይ ያሳብባል።

ጥቅምት አጋማሽ፦ የመነሻ ነጥቦች

ሞዴል ለመሥራት መነሻ ያስፈልጋል። በዘፈቀደ ከመረጡ ነጥቦቹ አንድ ቦታ ሊከማቹ ይችላሉ። ስለዚህ ላቲን ሃይፐርኪዩብ የሚባለውን ተጠቀምኩ። ማኬይ፣ ቤክማንና ኮኖቨር በ1979 ያቀረቡት ዘዴ ነው። የእያንዳንዱን ፓራሜትር፣ ማለትም የሚስተካከል ነገር፣ ክልል እኩል ቦታ ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ክፍልፋይ ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ እንዲወድቅ ያደርጋል። ጥቂት ነጥብ ይዞ ሁሉንም ክልል ለመንካት ጥሩ ነው።

በዘርፉ የተለመደ ልማድ አለ፤ መነሻው ለእያንዳንዱ ፓራሜትር አሥር ነጥብ ይሁን ይላል። ለአምስት ፓራሜትር ሃምሳ ሊጥ ማለት ነው። ይሄ ለኮምፒውተር ሲሙሌሽን ነው የተባለው። እኛ ጋ አንድ ሊጥ ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ መብራትና ሦስት ቀን ነው። በእጅጉ ቀነስኩት። የቀረውን በጀት ሞዴሉ ራሱ እየመረጠ እንዲያወጣው ይሻላል።

እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ነገር ተገኘ። አምስቱ ፓራሜትሮች ዋጋቸው እኩል አይደለም። ውሃ፣ እርሾ፣ ሰዓትና አብሲት ለመቀየር አዲስ ሊጥ ማቡካት የግድ ነው። የምጣዱን ሙቀት ለመቀየር ግን ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ከአንድ ሊጥ በ180፣ በ195፣ በ210፣ በ225 ዲግሪ እየጋገርን አራት ነጥብ እንወስዳለን። የ25 ዓመቱም ስሌት በዚህ ብቻ ወደ አምስት ይወርዳል፤ 625 ሊጥ ስለሚሆን።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከአንድ ባልዲ የወጡ አራት እንጀራዎች አራት ነጻ ምስክሮች አይደሉም። ሊጡ ከተበላሸ አራቱም አብረው ይበላሻሉ። የእርሻ ተመራማሪዎች ይሄን ከድሮ ጀምረው ያውቁታል። ማሳውን ለማረስ ዘዴ በትልቁ፣ ለዘር ዓይነት በትንሹ ከፋፍለው ሲሞክሩ ሁለት ዓይነት ስህተት ለይተው ይይዛሉ። ሞዴሉ ውስጥ የባልዲ መዋዠቅና የእንጀራ መዋዠቅ ለየብቻ ገቡ። ይሄ ባይደረግ ሞዴሉ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይሆን ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሞዴሉ

የተጠቀምኩት ጋውሲያን ፕሮሰስ ነው፤ ከተሞከሩት ነጥቦች ተነስቶ ያልተሞከሩትን የሚገምት የሂሳብ ሞዴል። መነሻው ወርቅ ፍለጋ ነው። ዳኒ ክሪገ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ በ1951 በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ላይ ሠራበት። ጉድጓድ መቆፈር ውድ ነው። በጥቂት ጉድጓድ ውጤት ተነስቶ ባልተቆፈረው ቦታ ምን ያህል ወርቅ እንዳለ መገመት ፈለገ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ማተሮን ሂሳቡን ካደራጀ በኋላ ዘዴውን በሱ ስም ክሪጊንግ አለው።

ሞዴሉ ላልተሞከረ ምጥን ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ ግምትና የግምቱን እርግጠኛነት። ወደ ተሞከረ ነጥብ ሲጠጋ ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ሲርቅ ይሰፋል። ዋጋው ያለው እዚህ ጥርጣሬ ውስጥ ነው።

የሚቀጥለውን ምጥን የሚመርጠው «የሚጠበቅ መሻሻል» የሚባል ቀመር ነው። ሊቱዌኒያዊው ዮናስ ሞትስኩስ በ1970ዎቹ አቀረበው፤ ጆንስ፣ ሾንላውና ዌልች በ1998 ባወጡት አልጎሪዝም ታዋቂ ሆነ። ባንድ ምሳሌ ላሳይ። እስካሁን የተገኘው ከፍተኛ ነጥብ 74 ነው እንበል። ምጥን ሀ ግምቱ 73፣ ጥርጣሬው 1 ነው። ምጥን ለ ግምቱ 68፣ ጥርጣሬው 9 ነው። አብዛኛው ሰው ሀን ይመርጣል። ቀመሩ ግን ለምጥን ሀ 0.08፣ ለምጥን ለ 1.36 ይሰጣል። ሀ ቢሳካ እንኳ የሚጨምረው ኢምንት ነው። ምጥን ለ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ከተሳካ ግን በብዙ ይበልጣል። ሦስት ቀን ሊከፈልለት የሚገባው ምጥን ለ ነው።

መጀመሪያ ሳይኪት ኦፕቲማይዝ በሚባል የፓይተን ላይብረሪ ጀመርኩ፤ ባልዲና እንጀራን የመለየቱ ነገር ሲመጣ ቦቶርች ወደሚባል ሌላ ላይብረሪ ዞርኩ። የፍጥነት ጉዳይ አላሳሰበኝም። የጋውሲያን ፕሮሰስ ስሌት በነጥቡ ብዛት ኪዩብ ያድጋል፤ ነጥቡ እጥፍ ሲሆን ስሌቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሺህ ነጥብ ላለው ሰው ከባድ ነው። ለኛ ላፕቶፑ ጥቂት ሰከንድ ይሠራል፤ ሊጡ ሦስት ቀን ይተኛል። ኮምፒውተሩን እንደልብ ማሠራት ይቻላል።

ከዚህ ውስጥ ልብ ያልኩት ሌላ ነገር «እስካሁን ከፍተኛው» የሚለው ነው። ውጤቱ ስለሚዋዥቅ ከፍ ብሎ የተመዘገበው ነጥብ ዕድል ያነሳው ሊሆን ይችላል። እሱን መወዳደሪያ ካደረጉ ሞዴሉ የሌለ ጣራ ያሳድዳል። ስለዚህ መወዳደሪያው የተመዘገበው ነጥብ ሳይሆን ሞዴሉ በዚያ ቦታ የሚገምተው አማካይ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ጥግ ጥጉን

የመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ጥግ ላይ ወደቁ። ብዙ ውሃ፣ ረጅም ሰዓት፣ ብዙ እርሾ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ይሄ የዘዴው ባህርይ ነው። ጥርጣሬ የሚበዛው ዳር ላይ ነው፤ አምስት ፓራሜትር ያለው ሳጥን ደግሞ 32 ጥግ አለው። ሁሉንም ልጎብኝ ካለ በጀቱ እዚያው ያልቃል።

አክስቴ ወረቀቱን አይታ «ልጄ፣ ይሄ ሊጥ አይደለም፣ አጥሚት ነው» አለች። ቁጭ ብለን ክልሉን አጠበብነው። ለውሃው ከዱቄቱ ጋር፣ ለሰዓቱ ከእርሾው ጋር የተያያዘ ገደብ አወጣን። እርሾ ከበዛ ሰዓቱ ከዚህ አይለፍ፣ እርሾ ካነሰ ከዚህ አይነስ የሚል። የሷ የዓመታት ልምድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሳጥኑ ሰፊ ክፍል ቆርጦ ጣለ። ያን ሁሉ በሊጥ ብንገዛው ብዙ ኩንታል ይፈልግ ነበር።

ሞዴሉም ሌላ ችግር ነበረበት። ነጥብ ጥቂት ሲሆን ፈንክሽኑ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለዋወጥ በራሱ መገመት ይከብደዋል። አንዴ እርሾ ከናካቴው ለውጥ አያመጣም አለ። አንዴ ደግሞ እያንዳንዱ ግራም ዓለምን ይቀይራል አለ። ይሄ የመለዋወጥ ፍጥነት ምክንያታዊ ክልል ውስጥ እንዲቆይ ቅድመ ግምት ሰጠሁት፤ ከዚያ አንድ ዋጋ ብቻ ከመምረጥ ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ ዋጋዎችን ወስዶ እንዲያማክል አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ረጋ።

ኅዳር፣ መብራት የጠፋ ጊዜ

ሁለተኛው ሙቀት ላይ እየጋገርን መብራት ጠፋ። ምጣዱ ቀዘቀዘ፣ የነበረው እንጀራ ልሙጥ ሆኖ ተጣበቀ። ሲመለስ ሊጡ አልፎበት ነበር።

እንዲህ ያለውን ዜሮ ብሎ መመዝገብ አደጋ ነው። ሞዴሉ በዚያ ምጥን ዙሪያ ገደል አለ ብሎ ያምናል፤ አጠገቡ ያሉትን ጥሩ ምጥኖችም ይሸሻቸዋል። ምጥኑ ደግሞ ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ከመቋረጡ በፊት የተጋገረው ተመዘገበ፣ የቀረው ባዶ ተተወ። ምጥኑ ራሱ ሲያበላሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊጡ ቀጥኖ ምጣዱ ላይ አልይዝ ካለ፣ ያ እውነተኛ ዝቅተኛ ውጤት ነውና መመዝገብ አለበት።

ኅዳር አጋማሽ፦ ሁለት ባልዲ ባንድ ጊዜ

ጾሙ ገባ፤ ምሳ ቤቶቹ ትእዛዝ ጨመሩ። ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ሁለት ባልዲ ማቡካት ጀመርን። ጥያቄው የመጀመሪያው ውጤት ሳይታወቅ ሁለተኛው እንዴት ይመረጣል ነው። ቀመሩን ሁለቴ ብትጠይቀው ያንኑ ምጥን ይደግምልሃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን መርጦ፣ ሞዴሉ የገመተውን ነጥብ እንደ እውነተኛ ውጤት ቆጥሮ ማስገባት። በዚያ አካባቢ ጥርጣሬው ስለሚወርድ ሁለተኛው ምርጫ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እውነተኛው ውጤት ሲመጣ የውሸቱ ይወጣል። ከተራ በተራው ትንሽ ያነሰ ብልህነት ነው፤ ግን ሳምንቱ እጥፍ ይሠራል።

ኅዳር መጨረሻ፦ አብሲቱ

ለውጡ የመጣው ከዚህ ነው።

አብሲት ስትጥል ቆሜ አየሁ። ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ደፋች። ከታች የረጋውን ሊጥ በጣሳ ቀድታ እኔ መዘንኩት። የፈላ ውሃ ላይ እየጨመረች በማማሰያ ሳታቋርጥ አማሰለች። መጀመሪያ ነጭ ውሃ ይመስላል። ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይጠልቃል፣ መብረቅረቅ ይጀምራል። ማማሰያውን ስታነሳ ሳይቆራረጥ እንደ ጨርቅ ከወረደ ደርሷል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለስታርቹ ግን ይበቃል፤ የጤፍ ስታርች በ70ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ውሃ መጥጦ ያብጣል። ያ የበሰለ ስታርች ውሃ ይዞ ሊጡን ያስተሳስረዋል። ጤፍም ማሽላም ግሉተን የላቸውም፤ ጋዙን ይዞ ዓይን የሚያስወጣው በዋናነት እሱ ነው።

አክስቴ ለድብልቁ አብሲት ጨምራ ሞክራ ነበር። ሰዓቱን ግን እንደ ድሮው ተወችው። እንጀራው ከበደ፣ መሃሉ እርጥብ ቀረ። ስለዚህ አብሲት መጨመር አይሠራም ተባለ። ሰዓቱንም ለብቻው አሳጥራ ሞክራለች፤ ዓይኑ ጠፋ። ያም አይሠራም ተባለ።

የሞዴሉን ካርታ በሁለቱ ላይ ስስለው ነጥቡ ከፍ የሚለው ሰያፍ በሆነ ሸንተረር ላይ ነው። አብሲቱ ሲጨምር ሰዓቱ ማጠር አለበት፤ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ብቻ ልስላሴው ይወጣል። በአንዱ ብቻ ቢንቀሳቀሱ በየትኛውም አቅጣጫ ከሸንተረሩ መውደቅ ነው። አንድ በአንድ እየቀየሩ መሞከር ይሄን የማያገኘው ለዚህ ነው። ባለሙያዋ ሁለቱንም ነክታለች፤ አንድ ላይ ግን አልነካቻቸውም።

ሞዴሉ ቀጣዮቹን ምርጫዎች በዚህ ሸንተረር ላይ አደረገ። ውሃውን ትንሽ ቀነሰ፣ ምጣዱን ከ210 ዲግሪ አካባቢ አላወጣም። እርሾው ከሁሉ ያነሰ ለውጥ ያመጣል፤ ከቀዝቃዛ ሌሊት በቀር።

የሚጠበቀው መሻሻል ከአንድ ነጥብ በታች ሲወርድ ፍለጋውን አቆምኩ። በአንድ ቀን በሁለት ባልዲ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ዱቄት መሻሻሉን ከመዋዠቁ መለየት አያስችልም።

ታኅሣሥ፦ ማረጋገጫና ትልቁ በርሜል

የተገኘውን ምጥን ከድሮው ጋር ጎን ለጎን፣ በተለያየ ሌሊት፣ ፊደል ብቻ በተጻፈበት ሰሃን አወዳደርን። ፍለጋው ውስጥ የተመዘገበው ነጥብ ለውሳኔ አይሆንም፤ የተመረጠው ከፍ ስላለ ነውና ሲደገም ትንሽ ይወርዳል። እንደተጠበቀው ወረደ። ቢሆንም ከድሮው በግልጽ በልጦ ቀረ። በማግስቱ ሲጠቀለል የሚታየው ስንጥቅ ጥቂት ነው፣ ጣዕሙን ጋጋሪዎቹ ከንጹህ ጤፉ ብዙም አልለዩትም።

ምጥኑ አሁን ለአንድ ምሳ ቤት በየቀኑ ይሄዳል። ለሌሎቹ ገና ነው፤ ምክንያቱ ለብዙ ትእዛዝ ሊጡ የሚቦካበት ትልቁ በርሜል ነው። ትልቅ ሊጥ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያድር ከባልዲው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ የባልዲው ሰዓት እንዳለ አይሠራም። በርሜሉን ከዜሮ አልጀምርም። የባልዲውን ሞዴል እንደ መነሻ ወስጄ፣ በርሜሉና ባልዲው የሚለያዩበትን ብቻ ሁለተኛ ሞዴል እንዲማር አደርጋለሁ። ልዩነቱ በአብዛኛው በሰዓትና በክፍሉ ሙቀት ላይ ስለሚሆን ጥቂት በርሜል ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው በርሜል ቅዳሜ ይቦካል፤ ሰዓቱ ከባልዲው ስድስት ሰዓት ያነሰ፣ አብሲቱ ያው፣ ቴርሞሜትሩ ከውጭ ሳይሆን ሊጡ ውስጥ።